በሁለት አልጋ ላይ አንዲት እናት

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ትልቁ ችግሬ ጠዋት ነበር። የምነሣው በድሮው ሰዓት ነው። ሸሚዜን እተኩሳለሁ፣ ጫማዬን እወለውላለሁ፣ ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ባለቤቴ አስቴር እዚህ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ውስጥ ምግብ ቤት አላት። እንግዲያው እሷን ላግዝ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ሽንኩርት መክተፉን ተውኩና የቅመም መደርደሪያውን በፊደል ተራ ማደራጀት ጀመርኩ። በማግስቱ በርበሬው ጠፋ፣ ሚጥሚጣው ጠፋ፣ ኮረሪማው የት እንደገባ የሚያውቅ ታጣ። ሁሉም እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ ነበሩ፤ ችግሩ ከእኔ በቀር የሚያገኛቸው ሰው አልነበረም።

«መስፍኔ» አለችኝ አስቴር እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «አንተን እወድሃለሁ። ኩሽናዬንም እወደዋለሁ። ሁለታችሁ ግን አልተስማማችሁም። ውጭ ተቀመጥና ሰው አጫውትልኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ምግብ ቤቱ ግቢ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር የተቀመጥኩት። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ሳስበው ከማንጎው ሥር የሠራሁትን ያህል ያስደሰተኝ የለም። እሱን ለማውራት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ። ኮምፒዩተር ሙቀት አይወድም ተብሎ ክፍላችን ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዝ ስለነበር ሹራባችንን አናወልቅም። ደመወዙ ትንሽ፣ የምንፈርመው ወረቀት ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የምናገረው ስለ አለቃዬ ስለ ወይዘሮ ፀዳለ ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ ሁልጊዜ ግራጫ ካፖርት ትለብስ ነበር። ፕሮግራማችን አልሠራ ሲለን እንጠራታለን። ትመጣና ከኋላችን ትቆማለች፤ ከዚያ ከሁሉ በፊት ሁለት እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ስሕተቱ ወለል ብሎ እየታያት እንኳ ቁልፍ አትነካም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «እኔ ከነካሁት የሚማረው የእኔ ጣት ነው» አለችኝ። «የእኔ ጣት ደግሞ ያውቀዋል።»

ሌላው ልማዷ አነባበብ ነበር። ፕሮግራም ሲጻፍ ቫሪያብል የሚባል ነገር አለ። ስም የተለጠፈበት ማስቀመጫ ማለት ነው፤ ቁጥርም የሰው ስምም ልታኖርበት ትችላለህ። ማኖሪያው ምልክት የእኩል ይሆናል ምልክት ስለሆነ፣ ጀማሪ ሁሉ «ዕድሜ እኩል ይሆናል ሃያ» ብሎ ያነበዋል። ወይዘሮ ፀዳለ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል።

«ማን ነው እኩል ያደረጋቸው? ሚዛን ላይ ወጥተዋል? ‘ያዝ’ በል። ዕድሜ፣ ሃያን ያዝ። አሁን ማን ምን ያዘ?»

«ዕድሜ ሃያን ያዘ።»

«ቀድሞ የያዘውስ?»

«ጣለው።»

«የጣለውን ማን አነሣለት?»

«ማንም።»

«ጎበዝ። ቀጥል።»

ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች እንዲህ ድምፃችንን አውጥተን እናነብላታለን። አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ስንደርስ አፋችን ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ ስሕተቱን አገኘነው ማለት ነው። ያን ጊዜ እጇን ከኪሷ አውጥታ ትከሻችንን መታ ታደርግና ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥሬ ጁባ መጣሁ፤ እስከ ጡረታዬም እዚያው ቆየሁ። አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ ኢሜይል ሁሉ በወረቀት ታትሞ ካልመጣለት አያነብም ነበር። የመጨረሻው አቶ ኦኬሎ የሚባል ዑጋንዳዊ ሲሆን ሳቁ ከግቢው በር ይሰማል። በእሱ ጊዜ አንዲት ባልደረባችን ፕሮግራም መጻፍ ተማረችና፣ የአንድ ሠራተኛ ልደት ሲደርስ ለሁሉም የደስታ መልእክት የሚልክ ነገር ሠራች። ጠዋት ሥራ ስንገባ «ዛሬ የአቶ ኦኬሎ ልደት ነው» የሚል መልእክት ደረሰን። ሰው ሁሉ ሄዶ እንኳን አደረሰህ አለው። በማግስቱም የአቶ ኦኬሎ ልደት ሆነ። በሳልስቱም።

ልጅቷ በድንጋጤ እኔ ዘንድ መጣች። እጄን ኪሴ ከትቼ አስነበብኳት። ስም የሚባለው ቫሪያብል የአለቃውን ስም የያዘው ከላይ፣ የሠራተኞቹ ተራ ከመጀመሩ በፊት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ያዝ ያለው ስለሌለ እሱኑ ይዞ ቀረ። አንድ መስመር ወደ ታች አወረደችና ነገሩ ተስተካከለ። አቶ ኦኬሎ ግን ቅር አለው። «ባትነኩት ምን ነበር?» አለን። «በሕይወቴ እንዲህ ተወድጄ አላውቅም።»

እንግዲህ ወደ ማንጎው ልመለስ።

ኛማል ምሳዋን የምትበላው እኛ ዘንድ ነበር። ኒምራ ታላታ በሚባለው የጁባ ሰፈር ባለ አንድ የእናቶች ክሊኒክ አዋላጅ ናት። ያደገችው ጋምቤላ፣ የተማረችው ጅማ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ ስትናደድ ወደ ኑዌርኛ፣ ስትደሰት ወደ ጁባ ዓረብኛ ትሻገራለች። አንድ ቀን ሽሮዋ እየቀዘቀዘ ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣ በኑዌርኛ ስትነጫነጭ ሰማኋት።

«ምን አደረገሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር አሥራ አንድ ልጅ አለሽ ይላል።»

«ላንቺ?»

«ለእኔማ ቢሆን ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ እሥቅ ነበር። ለታካሚዬ! አንድ ልጅ ነበራት፣ ትናንት አንድ ወለደች። ደምር ብለው አሥራ አንድ አለኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷም መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አብራኝ ሳቀች። ወንበሬን ስቤ ተጠጋሁና እጄን ኪሴ ከተትኩ። ስክሪኑ ላይ ተጽፎ የሚገባውን ነገር ኮምፒዩተሩ እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነበር የሚይዘው፤ አንድንና አንድን ደምር ሲባል ጎን ለጎን ይለጥፋቸዋል። ይህን ግን አልነገርኳትም። «ልጆች የሚለው ማስቀመጫሽ ምን ያዘ?» ብቻ አልኳት።

«አንድ።»

«የሚቆጠር አንድ ነው፣ የተጻፈ አንድ?»

ስክሪኑን ተመለከተች። ከዚያ የያዘችውን እንጀራ አስቀመጠችና መስመሩን ቀየረች። ሁለት ልጅ። «ታማም! ልክ ሆነ!» ብላ ስትጮህ አስቴር ወጡን ትታ ከኩሽና ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት የእኛ ሆነ። ኛማል ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው ብቻዋን፣ ቪዲዮ እያየች ነው። የምትሠራውም ለክሊኒኳ ነበር። እናቶቹ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ማን የትኛው አልጋ ላይ እንዳለች በጠመኔ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ አለ። ቤተሰብ ግን ያን አያይም፤ ኮሪደሩ ላይ ተሰብስቦ በሩ በተከፈተ ቁጥር «የእኔዋ የት ናት? ደህና ናት?» እያለ አዋላጆቹን ይይዛል። ኛማል ኮሪደሩ ላይ ስክሪን ተሰቅሎ የአልጋው ቁጥርና የእናትየው ስም እንዲታይበት ፈለገች። ከቢሮ የተረፈ ስክሪን አግኝታለች፣ በሶላር የሚሠራ መብራትም አለ። የቀራት ፕሮግራሙ ብቻ ነው።

ስሕተቶቿን እወዳቸው ነበር። አንድ ሰሞን ስክሪኑ ላይ ባለው መጻፊያ ሳጥን ስም ጽፋ ስታስገባ ስሙ ይሰወራል። «እናት፣ በሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ያዝ» ማለት ሲገባት «ሳጥን፣ እናት የያዘችውን ያዝ» ብላ ነበር። እናት ደግሞ ገና ምንም አልያዘችም፤ ሳጥኑም ባዶውን ቀረ። ይህን ስታገኝ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። «ጋሼ፣ ባዶ እጅሽን አበድሪኝ አልኳት እኮ!» ቀስ በቀስ እኔ ሳልጠይቃት «ማን ምን ያዘ» እያለች ራሷ ማንበብ ጀመረች። የወይዘሮ ፀዳለን ቃል በጋምቤላ ቅላጼ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

የሙከራው ቀን ደረሰ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ቪዮላ ቁመቷ የረዘመ፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ናት። ስክሪኑ እንዲሰቀል ፈቀደች፤ ጥቁር ሰሌዳው ግን ካለበት እንዳይነሣ አዘዘች። ኛማል ሁሉን ሞክራለች፤ ስም ማስገባት፣ ስም ማውጣት፣ እናትን ከአልጋ አልጋ ማለዋወጥ የሚል ቁልፍም ጨምራለች። እኔም ተጋብዤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ወንድ የክፍሉን በር አልፎ አይገባም።

ጠዋቱን ሙሉ ሠራ። ቤተሰቡ ስክሪኑን እያየ «ያቻት፣ ያቻት» ይላል፤ አዋላጆቹ ሳይጎተቱ ይወጣሉ ይገባሉ። ኛማል በበሩ ባለፈች ቁጥር በዓይኗ ትጠቅሰኛለች።

ከሰዓት በኋላ አልጋ ሦስት ላይ የነበረች ኬጂ የምትባል እናት ትኩሳት ያዛት። ሲስተር ቪዮላ አየር እንድታገኝ መስኮቱ ጋ ካለው አልጋ አምስት እንድትተኛና እዚያ ያለችው አቾል ወደ ሦስት እንድትመጣ አደረገች። ኛማል ሁለቱን እናቶች አዛወረች፤ ከዚያ ላፕቶፗ ወዳለበት የኮሪደር ጠረጴዛ መጥታ ማለዋወጫውን ተጫነችና ወደ ውስጥ ሮጠች።

በዚያው ቅጽበት የኬጂ እናት ከረጃፍ ደረሱ። የተጠቀለለ ዓሣ በራሳቸው ተሸክመው፣ የናይልን ዳር ተከትለው የመጡ አሮጊት ናቸው። እዚያ ሁሉም ሀቦባ ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው የቆመውን ሰው የልጃቸውን ስም እንዲፈልግላቸው ጠየቁት። ሰውየው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየ። አልጋ ሦስት፣ አቾል። አልጋ አምስት፣ አቾል። ደግሞ አየ።

«ኬጂ የለችም» አላቸው።

ጠዋት ስሟ ስክሪኑ ላይ ነበር። ትኩሳት እንደያዛት ደግሞ ሀቦባ የግቢው በር ላይ ሰምተዋል። በዚህ ክፍል የእናት ስም የሚጠፋው ወይ ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው፣ ወይ ደግሞ … ሀቦባ ያን ሌላውን አሰቡ። ዓሣው ከራሳቸው ወደቀ። መሬት ላይ ተቀምጠው የጮኹትን ጩኸት እስካሁን እሰማዋለሁ። ኮሪደሩ ሙሉ ሴቶች አብረዋቸው አለቀሱ። ውስጥ ያለችው ኬጂ የእናቷን ድምፅ ሰምታ በትኩሳት ሰውነቷ ከአልጋዋ ልትወርድ ስትል ይዘው መለሷት።

ሲስተር ቪዮላ ወጣች። ስክሪኑን አንድ ጊዜ አየችው፤ ጎንበስ ብላ ሀቦባን አነሣችና ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ጩኸቱ ወደ ሌላ ለቅሶ ሲለወጥ ሰማን። ልጃቸውን በሕይወት አገኟት። ሲስተር ተመልሳ መጥታ ስክሪኑን አጠፋችው።

ኛማል ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር። ላፕቶፑን ዘጋችው። «ከላስ» አለች። በቃ።

ከዚያ በኋላ ምሳ መምጣት አቆመች። እኔ ደግሞ ስሕተቱ የት እንዳለ ዓይኔ እንዳየ አውቄው ነበር። ከዚህ ሥራ ጋር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የፕሮግራሙ ቅጂ እኔም ዘንድ አለ፤ ቁጭ ብዬ ላስተካክለው የሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ አይፈጅም።

«ታዲያ አስተካክልላታ!» አለችኝ አስቴር።

«ራሷ ታግኘው።»

«ሴትዮዋ ልቧ ተሰብሯል አንተ አስተማሪ ልሁን ትላለህ?»

«እኔ ካስተካከልኩት መሰበሩ ይቀጥላል። ጋሽ መስፍን የጠገነው የኛማል ስሕተት ሆኖ ይቀራል። ሌላ ቀን ሌላ ነገር ሲበላሽ ደግሞ እኔን ፍለጋ ትመጣለች። እኔ ባልኖርስ?»

 «እሺ» አለች አስቴር፣ «ግን አንተ እዚህ ከማንጎ ሥር ተቀምጠህ እሷ አታገኘውም። ሂድላት። ባዶ እጅህንም አትሂድ።» ሽሮና እንጀራ በምሳ ዕቃ ቋጥራ ሰጠችኝ።

በጠዋት ቦዳቦዳ የሚሉትን የሞተር ሳይክል ታክሲ ይዤ ኒምራ ታላታ ሄድኩ። ኛማል ፋታ ስታገኝ ወጥታ አግዳሚው ላይ ጎኔ ተቀመጠች። የምሳ ዕቃውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አኖረችው እንጂ አልከፈተችውም።

«ስለ ፕሮግራሙ ከሆነ የመጣኸው ተወው ጋሼ። እኔ አዋላጅ ነኝ። አዋላጅነቴን እችላለሁ።»

«ስለ ሥራሽ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ያን ቀን ኬጂንና አቾልን እንዴት አዛወርሻቸው?»

«ምን ማለት ነው እንዴት? ኬጂን ከሦስት አንሥቼ አምስት አስተኛኋት፣ አቾልን ከአምስት ሦስት።»

«ኬጂን አምስት ላይ ስታስተኛት አቾል የት ነበረች?»

«እንዴ፣ አቾል ላይማ አላስተኛኋትም!» ሳቅ አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ሳትሆን አትቀርም። «መጀመሪያ ኬጂን ደግፌ አስነሣኋት። መቆም ስላልቻለች ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አቾል ተነሥታ ወደ ሦስት ሄደች። አምስት ባዶ ሲሆን ኬጂን ከወንበሩ …»

ቆመች። አፏ ክፍት እንደሆነ ቀረ።

 እጆቼን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ጠበቅኩ።

«አልጋ ሦስት፣ አምስት ያለውን ያዝ» አለች ቀስ ብላ። «አቾልን ያዘ። ኬጂን … ጣላት። ጋሼ፣ ጣላት! ከዚያ አልጋ አምስት፣ ሦስት ያለውን ያዝ። ሦስት ደግሞ አሁን የያዘው አቾልን ነው። አቾል፣ አቾል። ኬጂን ማንም አላነሣትም።» ብድግ አለች። «ወንበር የላትም! ኬጂን የማስቀምጥበት ወንበር አላዘጋጀሁላትም!»

የምሳ ዕቃውን እኔ ላይ ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ ላፕቶፑን ይዛ ተመለሰች። አንዲት አዲስ ቫሪያብል ሠራች፤ ስሟንም ኩርሲ አለቻት። በጁባ ዓረብኛ ወንበር ማለት ነው። ኩርሲ፣ አልጋ ሦስት ያለውን ያዝ። አልጋ ሦስት፣ አልጋ አምስት ያለውን ያዝ። አልጋ አምስት፣ ኩርሲ የያዘውን ያዝ። ቁልፉን ተጫነች። አልጋ ሦስት፣ አቾል። አልጋ አምስት፣ ኬጂ። መልሳ ተጫነች፤ ተለዋወጡ። ደግማ፣ ደጋግማ ተጫነች። ሁለቱ ስሞች እንደ ጨዋታ ቦታ ይቀያየራሉ፣ አንዳቸውም አይጠፉም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ እሷ ግን ትሥቃለች።

ፕሮግራሙ ተስተካከለ፤ ሲስተር ቪዮላ ግን ቀላል አልነበረችም። ሁለታችንን ቢሮዋ አስቀመጠችን።

«ነገ ሌላ ይሳሳታል» አለች በእንግሊዝኛ። «ኮምፒዩተር ሲሳሳት ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው?»

«እኔ» አለች ኛማል።

«ጠይቀሻል?»

 ኛማል ተነሥታ ወጣች። ኬጂ ትኩሳቷ ቢበርድላትም ገና ክሊኒኩ ውስጥ ነበረች፤ ሀቦባም ከኮሪደሩ አይጠፉም። ኛማል ፊታቸው ተንበርክካ በጁባ ዓረብኛ ተናገረች። እኔ የሚገባኝ ግማሹ ነው፤ ቀሪውን ኋላ ላይ ነገረችኝ።

«ያጠፋሁት ስሟን ነበር፣ ሀቦባ። እሷን አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።»

«ከውጭ የተቀመጠ ሰው ከስሟ ሌላ ምን አለው?» አሏት አሮጊቷ። «ለእኔ ስሟ ሲጠፋ ነው እሷ የጠፋችው።» ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። «ሹኩራን፣ ምስጋና ይግባው፣ አሁን አየኋት፣ ተረፈችልኝ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ልጄ ድና ስትወጣ ስሟን ታጠፊዋለሽ?»

«አዎ፣ ሀቦባ። አልጋው ለሌላ እናት ይሆናል።»

«ታዲያ በዚያች ሰዓት እህቷ ከሩቅ መጥታ ብታጣትስ? እሷም እንደ እኔ መሬት ትቀመጥ?»

ኛማል ተነሥታ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ጥሩ ጥያቄ ሲያገኝ የሚመጣ ፊት ነው። ለእያንዳንዷ እናት አንድ ቫሪያብል ጨመረች፣ ሁኔታ የሚባል። እናት ስትወጣ ስሟ አይሰረዝም፤ ከአልጋው ወርዶ ከስክሪኑ ግርጌ ይቀመጣል፣ ሁኔታዋም «ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች» የሚለውን ይይዛል። ለሲስተር ቪዮላ አሳየቻት።

ሲስተር ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «መጥፎ ዜና ከሆነስ?» አለች።

ኛማል እጇን ከላፕቶፑ አነሣች።

«መጥፎ ዜና እዚህ አይጻፍም» አለች ሲስተር ራሷ መልሳ። «እሱን እኔ ቤተሰቡን ቢሮዬ አስገብቼ በአፌ እናገራለሁ። እስክናገር ድረስ ስሙ ካለበት አይነካ። ይህን ማድረግ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው አሳዪኝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፕሮግራሙን ለማበላሸት ተነሣች። አልጋ ከአልጋ አለዋወጠች፣ አንዱን አልጋ ከራሱ ጋር አለዋወጠች፣ ባዶ አልጋ ከሞላ ጋር አለዋወጠች። አንዲትም እናት አልጠፋችም። በመጨረሻ ሲስተር ቪዮላ ሳቀች፤ እንደዚያ መሣቅ እንደምትችል አዋላጆቹም የሚያውቁ አልመሰለኝም። ስክሪኑ እንዲበራ አዘዘች። ጥቁር ሰሌዳውን ግን አሁንም አታስነሣም፤ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ታስተያያለች። እኔም ልክ ናት እላለሁ።

አሁን ከማንጎው ሥር የሚቀመጡት ብዙ ናቸው። አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አለ፣ ሁለት አስተማሪዎች አሉ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። አስቴር ቦታ ጠበበኝ እያለች ወንበር ትጨምራለች። ኛማል ዕረፍት ባላት ቀን እየመጣች ታስነብባቸዋለች። ጡረታ መውጣቴ ትዝ የሚለኝ ሲያስታውሱኝ ብቻ ሆኗል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ኬጂ የወጣችበት ቀን ነው። ሀቦባ አዲስ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ኬጂ ሴት ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ ስትል ኛማል ቁልፉን ልትጫን እጇን ዘረጋች። ሀቦባ ከለከሏት።

«እኔ ነኝ የምጫነው» አሉ።

ኛማል የትኛው እንደሆነ አሳየቻቸው። ሀቦባ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተጫኑ። የኬጂ ስም ከአልጋ አምስት ወርዶ ከግርጌው ተቀመጠ። ሲስተር ቪዮላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሁሉም በዓረብኛ አነበበችው፦ «ኬጂ፣ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።»

ሀቦባ እልልታቸውን አቀለጡት። ያ በለቅሶ የማውቀው ኮሪደር በእልልታ ተናጋ። ከውስጥ የተኙት እናቶች ተቀበሉ፣ አዋላጆቹ ተቀበሉ፤ እኔም እንደማይሆንልኝ እያወቅኩ ሞከርኩ፣ ሳቁብኝ። ጁባዎች ራክሻ የሚሏት ባጃጅ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ኬጂን፣ ሕፃኗንና ሀቦባን ይዛ ስትሄድም እልልታው አላቆመም።

በዚያው መሐል አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በሁለት እህቶቿ ተደግፋ በበሩ ገባች። ግራ ተጋብታ ቆመችና በተቆራረጠ ትንፋሽ ኛማልን ጠየቀቻት።

«ይሄ ሁሉ እልልታ ለማን ነው?»

ኛማል ክንዷን ያዘቻት። «ላንቺ ነው» አለቻት። «ግቢ፣ አልጋ አምስት ባዶ ነው። ስምሽ ማን ነው?»